የማዳም ላፕቶፕና የቆሼ በርበሬ

የመሄጃዬ ምሽት ቡታጅራ ላይ ዝናብ ነበር፤ ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ ጋቢ ለብሳችሁም አጥንታችሁ ድረስ የሚገባው ዓይነት። እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣለች። እንዳልሄድ ብላ እንዳይመስላችሁ፣ ዚፑ እምቢ ብሎ ነው። በሶውን፣ ቆሎውን፣ የበርበሬውን ፌስታል አጭቃ አጭቃ የሻንጣው ሆድ ተነፍቶ፣ እሷ በላዩ ስትጫነው እህቴ ሰዓዳ ዚፑን ትጎትታለች።

“እማ፣ ኩዌት ምግብ የለም እንዴ?” አልኳት።

“አለ ይላሉ። ግን የሰው ነው።”

እኛ ቤት ምላስ በዘር ነው የሚሄደው። ሌላ እናት ልጇ ስትሰደድ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች፤ የኔዋ ሚኒባሱ ውጭ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ደላላው “ያላ! ያላ!” እያለ ገና ካሁኑ ዓረብ ሆኖብን፣ ነጠላዋን አስተካክላ እንዲህ አለችኝ፤ “ሙኒራ፣ ስሚኝ። ድምፅሽን ብቻ እንዳትልኪብኝ። በዚያች ላፕቶፕ ፊትሽን አሳዪኝ፤ ከስተሽ እንደሆን በዓይኔ ልይ። እኔም ፊቴን አሳይሻለሁ።” ቀጥላ ደግሞ ሳቅ አለችና፣ “የሞትኩ ለታ ግን ቆሼ እንዳትልኩኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላ ቅርብ አገር ፈልጉልኝ።”

ሰዓዳ “እማ ደግሞ!” ብላ ጮኸች። እኔ ሳቅሁ። እየሳቅሁ ነው ከቤት የወጣሁት።

ቆሼ ከኛ ወዲያ ያለች የበርበሬ አገር ናት፤ ቀልዱ እንዲገባችሁ ወደ ሱቄ ልመልሳችሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችኝ። ሞባይልና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሙያውን መርካቶ አጎቴ ሱቅ ነው የተማርኩት። ከጥገናው ሌላ፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ እናትና አባት ሱቄ ይመጣሉ፤ በኔ አሮጌ ላፕቶፕ በስካይፕ፣ ጅዳና ቤይሩት፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ያያሉ። ስክሪኑን የሚስሙ ነበሩ። ስንቱን ምራቅ ጠርጌያለሁ መሰላችሁ።

ያቺ ላፕቶፕ አንድ ዓመል ነበረባት። ወሬው ሲጥም፣ እናትየው ልታለቅስ ስትል፣ ጥፍት! ከሙቀት ብዛት ራሷን ታጠፋለች። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የኔም አይደለም፣ የአገሬ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፕ አንጎል ፕሮሰሰር የሚሉት ትንሽ ቺፕ ነው፤ ሲሠራ ይግላል። ግለቱን ወስዶ ወደ ፋኑ የሚያወጣው በላዩ የሚታሰር የመዳብ ብረት ነው፣ ሂትሲንክ ይሉታል። በሁለቱ መካከል ትንሽ ፔስት ይቀባል፤ የምስር ፍሬ ታክል፣ በቃ። ብረቱ ሲጫናት ራሷ ትሳሳለች፣ ክፍተቱን ትሞላለች። ከበዛች ግን ብረቱና ቺፑ አይነካኩም፣ መካከላቸው ፍራሽ እንደማንጠፍ ነው።

ይህን ለኛ ለመስቃን ሰው አስረዱ እስቲ! ደንበኛው ራስጌዬ ቆሞ ያያል። የምስር ፍሬ ታክል ጠብ ሳደርግ ፊቱ ይጠቁራል። “አንቺ ልጅ፣ ምነው? ጨምሪበት እንጂ! የማን ልጅ ነሽ፣ እንዲህ የምትሰስቺ?” እኛ ዘንድ እንግዳ ክትፎ ላይ ቅቤ ጠብ የምታደርግ ሴት ስሟ ሰባት ቤት ጉራጌ ድረስ ይሄዳል። ስሜ እንዳይሄድ ስል ጨመርኩ። ላፕቶፖቹ ጋሉ፣ ሞቱም። የራሴዋም በዚሁ በሽታ ነው ስትወድቅ ስትነሳ የነበረችው፤ እሷንም ፊት ለፊታቸው ነበር የቀባኋት። በኋላ ብልሃት አገኘሁ። ለቺፑ የምስር ፍሬዋን፣ ለደንበኛው ዓይን ደግሞ ከብረቱ ጀርባ ምንም ሥራ የሌለበት ቦታ ላይ ዘርግፌ እቀባለሁ። “አዎ፣ እንዲህ ነው እንጂ!” ይላል። ሁለቱም ይድናሉ፤ ላፕቶፑም ስሜም።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን በርበሬ ነጋዴ ጋሽ ሸምሱ ሞቱ። ከቆሼ እየገዙ ቡታጅራ የሚሸጡ፣ ደግ ሰው ነበሩ። መስጊድ ሰግደው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ወደቁ፣ በዚያው አረፉ። ልጃቸው ጀማል ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የአገር ሰው በሌለበት ገጠር አንዲት ሱቅ ውስጥ ብቻውን ይሸጣል። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና እንደ ወጉ ወሰኑ። ስደተኛ ብቻውን መርዶ አይሰማም። አጠገቡ ሆኖ የሚይዘው የአገር ሰው እስኪገኝ ይደበቃል። “ሙኒራ፣ የካሜራውን ነገር አንድ በዪው” አሉኝ፤ የሁሉም ዓይን አብጦ ነበራ።

ካሜራዋ ላይ ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩ። ዓርብ ጀማል ደወለ።

“ምነው፣ አትታዩኝም?”

“ካሜራው ተበላሽቷል” አልኩት እኔ፣ ቴክኒሻኗ። ማን ይጠራጠረኛል?

“አባባስ?”

እናቱ እትዬ ራውዳ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉን ነገር ሲወስኑ፣ ይህን ጥያቄ ማን እንደሚመልስ ሳይወስኑ ኖሯል! እኔው አመጣሁት፤ “ቆሼ ሄደዋል እኮ፣ በርበሬ ሊገዙ።”

በሚቀጥለው ዓርብም ቆሼ ናቸው። በሚቀጥለውም። ጋሽ ሸምሱ በሕይወት ሳሉ እንኳ እንዲያ አልነገዱም። ጀማል ከጊዜ በኋላ “አባባስ” ማለቱን ተወ። ሊዘጋ ሲል ብቻ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፤ “በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው?” እትዬ ራውዳ “ጥሩ ነው ልጄ፣ ቀይ ነው” ይሉታል። “እሺ” ብሎ ይዘጋል። እኔ ቤት ገብቼ ለእናቴና ለሰዓዳ ጀማልን እያስመሰልኩ አስቃቸዋለሁ። “እንዴት ያለ ጅል ነው! አባቱ ሞቶ እሱ የበርበሬ ገበያ ይጠይቃል!” ሰዓዳ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እናቴ ግን በዚህኛው አልሳቀችም። “ተይው” ብቻ አለችኝ።

አሁን ወደ መንገዴ። ሱቄን ማን ወሰደብኝ? አከራዬ ሐጂ ናቸው፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና።

“ልጄ ጁስ ቤት ሊከፍት ነው፤ ሱቋን ልቀቂ።”

“ሐጂ፣ የት ልግባ?”

“አላህ ሰፊ ነው።”

“አላህማ ሰፊ ነው። ጠባቡ እርስዎ ነዎት።”

ይቺ መልስ ዋጋዋን አገኘች። በማግስቱ ዕቃዬ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ነበር። ወልቂጤ ሄጄ አንድ የመንግሥት ቢሮ ገባሁ፤ የመሥሪያ ቦታ ይሰጣሉ ሲባል ሰምቼ። ግድግዳው ሁሉ ልማት ልማት ይላል። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት ቀና ሳይል፣

“ተደራጅተሻል?” አለኝ።

“ብቻዬን ነኝ። ላፕቶፕ እጠግናለሁ።”

“አምስት ሆናችሁ ኑ። ግለሰብ አንደግፍም።”

“አንድ ላፕቶፕ ላይ አምስት ሆነን ምን እንሠራለን? እኔ ብሎን ስፈታ አራቱ ያጨብጭቡልኝ?”

“እሱን በኮሚቴ ትወስናላችሁ” አለ፤ ወላሂ፣ አልሳቀም።

ከዚያ ደላላው መጣ። ቅጹን ሲሞላልኝ “ሙያ” የሚለው ላይ ሲደርስ “ቴክኒሻን በል” አልኩት። “እህቴ፣ ኩዌት ቴክኒሻን የምታስመጣበት ሌላ አገር አላት። ከኛ የምትፈልገው መጥረጊያ የሚይዝ ነው። መጥረጊያ ትይዣለሽ?” አለኝ። ላፕቶፗን ለሰዓዳ ትቼላት፣ ከመሄዴ በፊት ከፍቼ በደንብ አጽድቼ፣ ሂትሲንኳን እንደ ሕጉ አስሬ፣ ዓርብ ዓርብ ሰዎቹን ቤታችን እንድታስተናግድ አስተማርኳት። የፕላስተሩንም ነገር። ሁሉንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ኩዌት ስደርስ፣ ከአውሮፕላን ስወርድ የሞተሩ ግለት መስሎኝ ሸሸት አልኩ። ሞተሩ አይደለም፤ አገሩ ነው። ማዳም ቤቷ በር ላይ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“ስምሽ ማነው?”

“ሙኒራ።”

“አይሆንም። ሙኒራ የእህቴ ስም ነው። አንቺ ሱሱ ነሽ።”

ስሜን በር ላይ ተቀበለችኝ። ቀጥላ ፓስፖርቴን፣ ቀጥላ ስልኬን። “ደርሻለሁ” ብዬ አንዴ ደውዬ ነበር፣ ያውም ድምፅ ብቻ። “ስልክ ለምንሽ ነው? ስፈልግሽ እጠራሻለሁ” አለች። ሻንጣዬን አስከፈተችኝና የእናቴን በርበሬ ፌስታል በሁለት ጣት አንስታ አሸተተችው፤ አነጠሳት። ከነፌስታሉ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። እናቴ በሙሉ ክብደቷ ተቀምጣ ያስገባችውን በርበሬ!

የምተኛው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነው። ምግባቸው መጅቡስ የሚሉት ሩዝ ነው፤ ሩዝ ቀን፣ ሩዝ ማታ፣ አንድ ቀን እንኳ የቆጮ ጠርዝ ታህል የሚታኘክ ነገር የለበትም። እኛ ቤት ለብቻ የበላ ሰው ሌባ ነው፤ እዚህ ጥግ ላይ ምልክት ባላት ሳህን ለብቻዬ ይሰጠኛል። ውጭው ይነዳል፣ ውስጡ በሙከይፍ፣ በማቀዝቀዣው ማሽን፣ እንደ ዘቢዳር ይበርዳል፤ ሙከይፍ የሌለው የኔ ክፍል ብቻ ነው። ሰዓታችን ግን ከአገራችን ጋር አንድ ነው። ዓርብ ጁምዓ ሲወጣ፣ አሁን ሰዓዳ ላፕቶፗን ከፈተች፣ አሁን እናቴ ከፊት ተቀመጠች፣ አሁን “ሙኒራ ምነው ጠፋች” አለች እላለሁ፤ የማዳምን ሽንት ቤት እየፈተግሁ።

ማዳም ደግሞ ሎንደን የምትማር ሴት ልጅ አለቻት። ማታ ማታ ላፕቶፗን ከፍታ ታያታለች። ከዚያስ? ወሬው ሲጥም፣ ጥፍት! የቡታጅራ ላፕቶፔ መንፈስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። ማዳም ታለቅሳለች። “የልጄን ፊት ሳላይ እንዴት እተኛለሁ?” ትላለች፣ እንባዋን የሚጠርግላትን ሶፍት ለማቀብላት ለእኔ፣ የእናቴን ፊት ካየሁ ረመዳን ላለፈብኝ! ልብ የሚባል ነገር አላት፤ ለኔ የሚተርፍ ግን የላትም።

ወንድ ልጇ ፈሃድ ዩኒቨርሲቲ ነው። “እኔ እሠራዋለሁ” ብሎ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እኔ ወለል እወለውላለሁ፣ ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው። ሂትሲንኩን እንደ ጥርስ ነቀለው። የደረቀውን አሮጌ ፔስት አልጠረገም። አዲሱን ቱቦ ጨምቆ ጨምቆ ከግማሽ በላይ አራገፈበት፤ በጎን እስኪፈስ። አይ ፈሃድ፣ መስቃን ብትወለድ ስምህ ሰባት ቤት በደግ ይነሳ ነበር! ከዚያ አንዱን ብሎን ጥርቅም አድርጎ ጨረሰና ወደ ሌላው ሄደ፤ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። አንድ ብሎንም ጠፋበት፤ ሳይፈልግ ዘጋው።

ብሎኗን በማግስቱ ምንጣፉ ሥር አገኘኋት። የሚጠርግ ሰው ያልጠፋውንም ያገኛል። በሻሼ ጫፍ ቋጠርኳትና ዝም አልኩ።

ላፕቶፑ ከበፊቱ ባሰ። ልጅቷ “ዩማ” ብላ እናቷን ሳትጠራ ይጠፋል። አንድ ቀን ማዳም ልትወረውረው ስታነሳው ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ “ማዳም፣ እኔ ልሥራው።”

ፈሃድ በሳቅ ፈነዳ። “ሱሱ? በምን? በመጥረጊያው?”

“አገሬ ሥራዬ ይኸው ነበር።”

ማዳም ላፕቶፑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የልጇ ናፍቆት ትዕቢቷን አሸነፈው መሰለኝ፣ “ምን ትፈልጊያለሽ?” አለች።

“እናቴን በዚሁ ላፕቶፕ ማየት። ፊቷን። አንድ ጊዜ ብቻ።”

“ከሠራሽው ታያታለሽ። ካበላሸሽው ግን ኮንትራትሽ እስኪያልቅ እናት የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።”

ተቀመጥኩ። የነሱ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማዳም ወዲያው ፎጣ አነጠፈችበት፣ ለወንበሩ አዝና።

ላፕቶፑን አጥፍቼ ባትሪውን አወጣሁ። ክዳኑን ፈታሁ። የሂትሲንኩ ብሎኖች አጠገብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚል የማጥበቂያ ተራ ቁጥር ተጽፏል፤ ፈሃድ ጌጥ መስሎት ይሆናል። ሦስቱን ትንሽ ትንሽ እያላላሁ አወጣኋቸው። ብረቱን ወደ ላይ አልጎተትኩም፤ ግራ ቀኝ ቀስ ብዬ አዙሬ ሲላቀቅ አነሳሁት። ውስጡ ጉድ ነው። ፔስቱ ቺፑን አልፎ ዙሪያውን አጥለቅልቆታል። ከመድኃኒት ሳጥናቸው አልኮል አስመጣሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ፣ በዙሪያው ያለውን በጥጥ እንጨት፣ ቺፑ እንደ መስተዋት ፊቴን እስኪያሳየኝ አጸዳሁት። ፊቴን አየሁት። ከስቻለሁ። እማ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የብረቱንም ፊት አጸዳሁ፤ በጣቴ አልነካሁትም። ከዚያ የምስር ፍሬ ታክል ፔስት፣ መካከሉ ላይ።

“ይህቺ ብቻ?” አለ ፈሃድ ከራስጌዬ። “ጨምሪበት እንጂ! ፔስት ቸግሮሽ ነው?”

በአላህ! ኩዌት ድረስ ተከተሉኝ። እጄ ወደ ብረቱ ጀርባ ሊሄድ ነበር፣ ለዓይኑ ልቀባለት። ተውኩት። እዚህ የምጠብቀው ስም የለኝም፤ ስሜንም ማዳም ወስዳዋለች።

ብረቱን ቀጥ አድርጌ ከላይ አወረድኩት፤ ካረፈ በኋላ አላንሸራተትኩትም። ከሻሼ ጫፍ አራተኛዋን ብሎን ፈታሁ። ማዳም አየቻት፣ ፈሃድም አያት። ብሎኖቹን በየተራ፣ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ እንደገና ሌሎቹን ሁለቱን። እኛ አገር ጎጆ ሲከደን አንድ ጎን ብቻ የሚጎትት ሰው ምሰሶውን ያንጋድደዋል፤ ይህም ያው ነው። ሁሉም እኩል ሲጠብቁ ቆምኩ፤ ጉልበት አልጨመርኩም። የፋኑን ገመድ ሰካሁ፣ ባትሪውን መለስኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ከፈትኩት።

ያን ማታ ማዳም ከልጇ ጋር አወራች፣ አወራች፣ አወራች። አልጠፋም። እጄን ከሥሩ አድርጌ ብሞክረው ለብ ብሏል እንጂ አይግልም። ማዳም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ስክሪኑን ሳመች። ምራቋን ጠረግሁ።

እኔስ? “ቡክራ” አለችኝ። ነገ ማለት ነው። በማግስቱም ቡክራ። እስከዚያው የእህቷ ላፕቶፕ መጣ፣ የጎረቤቷ መጣ፣ የጎረቤቷ የባሏ መጣ። እየጠረግሁ እጠግናለሁ፣ እየጠገንኩ እጠርጋለሁ። ለእንግዶቿ “ሱሱ እኮ ኢንጂነር ናት” እያለች ትስቅብኛለች። ቡክራ የምትባለዋን ቀን እየጠበቅሁ ስንት ሂትሲንክ እንዳሰርኩ አላህ ይወቀው። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እንግዳም የሚጠገን ላፕቶፕም ሲጠፋ፣ “ነይ፣ ያላ፣ ኢንጂነር” አለችኝ።

ፊቴን ታጠብኩ። ሻሼን ቀየርኩ። ጉንጬ የሞላ እንዲመስል ትንሽ አየር ያዝኩበት፣ ሞኝ! ደወልኩ። ሰዓዳ አነሳች። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

“አሰላሙ አለይኩም! ሰዓዳ! ሙኒራ ነኝ!”

ከወዲያ ግርግር ሰማሁ፣ ከዚያ ብዙ ሰው በአንዴ ዝም ሲል።

“ወአለይኩም ሰላም፣ እህቴ” አለች ሰዓዳ። እህቴ! ከተወለደች “አንቺ” ነው የምትለኝ።

“ምነው አልታያችሁኝም?”

“ካሜራው ተበላሽቷል።”

ያንን ካሜራ አውቀዋለሁ። በእጄ አጽድቼው ነው የመጣሁት።

“እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጤናሽስ፣ በላሽ ወይ?” የሚል ድምፅ ገባ። የመርካቶው አጎቴ ነው። የመርካቶው አጎቴ ሱቁን ዘግቶ በተራ ዓርብ ቡታጅራ ምን ያደርጋል? እሱ ሳይጨርስ ሌላው ሰላም አለኝ፣ ከዚያ ሌላው። ሐጂ ሳይቀሩ! ከሱቄ ያባረሩኝ ሐጂ፣ “ሙኒራ ልጄ፣ በርቺ” አሉኝ፣ ምን የመሰለ ለስላሳ ድምፅ። ሰው እንዲህ የሚለሰልስልህ መቼ ነው? እናንተም ታውቁታላችሁ።

“እማስ?” አልኩ።

ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ቆሜበታለሁ። ማን እንደሚመልስ ዛሬም ሳይወስኑ ኖሯል። በመጨረሻ እትዬ ራውዳ፣ የጀማል እናት፣ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ሲሉ ነጠላቸው ማይኩን ሲነካው ሰማሁ።

“እናትሽ? ቆሼ ሄዳለች እኮ ልጄ። በርበሬ ልትገዛ።”

እናቴ በርበሬ ነግዳ አታውቅም። “ጉልበቷን እያመማት?” አልኩ።

“በጋሪ ነው የሄደችው። ጉልበቷ አሁን አያማትም” አሉ እትዬ ራውዳ። ከኋላቸው ሰዓዳ ስትወጣ ሰማሁ፤ በሩ ሲጢጥ አለ።

እንደ ድሮው ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ። ያቺ የሰዓዳዋ ብትግል፣ ወይ ይቺ የማዳም ብትግል፣ በመሃል ጥፍት ብትልልኝ! አንዷም አልጠፋችም። ሁለቱንም እኔ ነኝ ያሰርኳቸው፤ እንደ ሕጉ፣ በሰያፍ፣ በምስር ፍሬ። እጄን ከሥር አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነው።

ጩኺ ጩኺ አለኝ። “ሞታለች አይደል?” ልበላቸው አልኩ። ብላቸው ሁሉም እዚያ እሪ ሊሉ ነው፣ እኔ እዚህ። ወጉ አጠገብሽ የሚይዝሽ የአገር ሰው ሲገኝ ነው ይላል። ቀና ብዬ አየሁ፣ አጠገቤ ያለችው ማዳም ናት። በሩ ላይ ተደግፋ ሰዓቷን ታያለች።

“ኸላስ? ጨረስሽ? እናትሽን አየሻት?” አለችኝ።

“አየኋት” አልኳት።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን ተመለስኩ። ጀማል ትዝ አለኝ፤ በዚያ ገጠር ሱቅ ውስጥ ብቻውን፣ ዓርብ ዓርብ እኔ እያስመሰልኩ ስስቅበት። ጅል አልነበረም። “አባባስ” ማለቱን ከተወባት ዓርብ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ በርበሬውን የሚጠይቀው እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። እኔም ጉንጬን አብሼ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣

“በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው?” አልኩ።

እትዬ ራውዳ የልጃቸውን ጥያቄ ከኔ አፍ ሰሙት። ምናልባት ለኔ፣ ምናልባትም ለጀማል፣ በተሰበረ ድምፅ መለሱ።

“ጥሩ ነው ልጄ። ቀይ ነው።”